ደብተሩና ሸረሪቷ

(በቅርቡ ጎንደር ውስጥ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለመጽሐፍ ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ቃል በቃል አይደለም። የደጋገምኩትን ቆርጬ፣ የዘለልኩትን ጨምሬ ጻፍኩት። መብራት የጠፋበትን አሥር ደቂቃ አላካተትኩም።)

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኢንተርኔት መፈለጊያዎች ነው። ሰርች ኢንጅን የምንላቸው። ብዙ ሰው ይህን ወሬ ከካሊፎርኒያ ይጀምረዋል። እኔ ከፒያሳ ልጀምር።

በ1995 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ኢንተርኔት ቤት ነበረችን። «ነበረችን» ማለቴ ለአፌ ነው፤ ቤቷ የታላቅ ወንድሜ ናት። እኔ ሠራተኛው ነበርኩ። ደመወዜ ምሳ ነበር። አራት ኮምፒውተር፣ አንድ የስልክ መስመር። ሞደሙ ሲደውል የሚያሰማውን ጩኸት እዚህ ያላችሁ ትልልቆች አትረሱትም። አንድ ገጽ ከፍተህ ቡና ቤት ደርሰህ ትመለሳለህ። ገጹ እስከ ወገቡ ወርዶ ይጠብቅሃል።

ደንበኛው አድራሻ አያውቅም። «አንተ፣ ያ የስኮላርሺፑ ነገር የት ነበር?» ይላል። «የዲቪ መረጃ ያለው በየት ነው?» ትላለች። ሁሉንም በቃሌ መያዝ አልቻልኩም። ስለዚህ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁ። በርዕስ በርዕስ ከፋፈልኩት፦ ኢሜይል፣ ዜና፣ ትምህርት፣ ኳስ፣ ውጭ አገር፣ ልዩ ልዩ። አንድ ሰው ጥሩ ድረ-ገጽ ሲያገኝ አድራሻውን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ጉዱ አልታየኝም። ሁለት ወር ሳይሞላ መጣ። አሜሪካ ያለ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ሲያወጣ የት ልጻፈው? ትምህርት ስር ነው ወይስ ውጭ አገር ስር? እኔ ትምህርት ስር ጻፍኩ። ወንድሜ ሳያየው ውጭ አገር ስር ጻፈ። አድራሻው ሲቀየር እኔ የእኔን አረምኩ። የእሱ የሞተ አድራሻ እንደ ሞተ ቀረ። ደንበኛም በሞተው አድራሻ ደቂቃውን እየጨረሰ ተጣላን። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። «ልዩ ልዩ» የምትለዋ ገጽ ከሁሉም በለጠች። የት እንደምናስገባው ያላወቅነውን ሁሉ እዚያ ስንጥል ደብተሩ ግማሽ በግማሽ «ልዩ ልዩ» ሆነ።

ይህን ያህል ስለ አንድ ደብተር ማውራቴ አለምክንያት አይደለም። እኛ ፒያሳ ላይ ያየነውን ችግር ዓለም ሁሉ አይቶታል። ከእኛ ቀደም ብሎ፣ ከእኛ በብዙ እጥፍ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው።

ኢንተርኔት ኢንተርኔት ከመባሉ በፊት አርፓኔት የሚባል መረብ ነበር። ያስጀመረው የአሜሪካ መከላከያ ነው። በ1970ዎቹ በዚህ መረብ ላይ ማን ምን ማሽን እንዳለው ማወቅ ከፈለግህ ወደ ካሊፎርኒያ ስልክ ትደውላለህ። እዚያ ኤልዛቤት ፋይንለር የምትባል ሴት አለች። እሷና ባልደረቦቿ የመረቡን መዝገብ ይይዛሉ። አዲስ ማሽን ስታስገባ እነሱ ዘንድ ታስመዘግባለህ። ዶት ኮም፣ ዶት ኢዲዩ የምንላቸውን መደቦች ያወጣው ይኸው ቡድን ነው። በአጭሩ የመጀመሪያዋ መፈለጊያ ስልክ የምታነሳ ሰው ነበረች። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በ1990 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ አለን ኤምቴጅ የሚባል ተማሪ ነበር። የባርቤዶስ ልጅ ነው። ነጻ ሶፍትዌር የት የት እንዳለ ፈልጎ ማግኘት የሥራው አካል ነበር። በየማሽኑ እየገቡ የፋይል ዝርዝር ማገላበጥ እጅ እጅ ይላል። ስለዚህ ዝርዝሩን በራሱ የሚሰበስብ ፕሮግራም ጻፈ። ስሙን አርቺ አለው። አርካይቭ ከሚለው ቃል አንድ ፊደል መንትፎ ማለት ነው። አርቺ የፋይል ስም እንጂ የፋይሉን ሆድ አያውቅም። ፋይሉ ምን ተብሎ እንደተሰየመ ካልገመትክ አይረዳህም። ቢሆንም የኢንተርኔት መፈለጊያዎች አባት የሚባለው እሱ ነው። ኤምቴጅ የባለቤትነት መብት አላወጣበትም። ስንት ቢሊዮን እንዳመለጠው እናንተ አስሉት።

በ1991 ደግሞ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጎፈር የሚባል ነገር ወጣ። ጎፈር እንደ ፍልፈል ጉድጓድ የሚቆፍር እንስሳ ነው፤ የዩኒቨርሲቲውም ምልክት ነው። ከዝርዝር ወደ ዝርዝር እየወረድክ የምትፈልገው ጋ ትደርሳለህ። ጎፈር ለጥቂት ዓመት ዓለምን ይዞ ነበር። በ1993 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ከአንዳንድ ተጠቃሚዎች ክፍያ ልጠይቅ ነው አለ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ስዊዘርላንድ ያለው የሰርን የምርምር ተቋም ድሩን፣ ማለትም ዌብን፣ ለሁሉም በነጻ ለቀቀ። ሰው ወዴት እንደሄደ መናገር አያስፈልግም።

ሚኒሶታ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ከርዕሴ ትንሽ እወጣለሁ፤ ግን ጎንደር ላይ ቆሜ ይህን ሳልናገር ባልፍ አያምርብኝም። በዚያችው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ፣ የገዳም ዩኒቨርሲቲ አለ። ከ1973 ጀምሮ ከየገዳማችንና ከየአድባራታችን በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂ እዚያ ተቀምጧል። እነዚያን መጻሕፍት እያነበበ፣ ይህ የእገሌ ድርሳን ነው፣ ይህ በእገሌ ዘመን ተጻፈ፣ በዚህኛው ገጽ ሕዳግ ላይ የመሬት ስጦታ ውል አለ እያለ ካታሎግ ሲሠራ የኖረው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው። በ1975 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተመትቶ፣ ቀሪ ዕድሜውን በተሽከርካሪ ወንበር አሳለፈ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ነው ይህን የሠራው። ዛሬ አንድ ተማሪ «የዚህ ድርሳን ቅጂ የት አለ?» ሲል መልስ የሚያገኘው በእሱ ካታሎግ ነው። በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ፍልፈሉም፣ ጌታቸውም። ሁለቱም ማውጫ ሠሩ። የጌታቸው እስከ ዛሬ ይሠራል።

ወደ ጉዳያችን።

በ1994 መጀመሪያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ። ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ። የምርምር ጽሑፋቸውን መጻፍ ሲገባቸው የሚወዷቸውን ድረ-ገጾች አድራሻ ይሰበስባሉ። ስሙን «የጄሪና የዴቪድ የድር መመሪያ» ብለውት ነበር። ልክ እንደ እኔ ደብተር። ርዕስ፣ ከርዕስ ስር ንዑስ ርዕስ፣ ከዚያ ስር አድራሻ። ሰው ወደደው። ስሙ ያሁ ሆነ፤ በ1995 ድርጅት ሆነ። ዶክትሬቱ እንደቀረ ቀረ።

ያሁ ያኔ ማሽን አልነበረም። ሰዎች ነበሩ። ቁጭ ብለው ድረ-ገጽ እያዩ «ይህ ጤና ነው፣ ይህ ስፖርት ነው» የሚሉ ሠራተኞች። የእኔና የወንድሜ ጭቅጭቅ በደመወዝ ሲሆን ማለት ነው። አንድ የምደባ ኃላፊ ቀጠሩ፤ ስሪኒጃ ስሪኒቫሳን ትባላለች። ሥራዋ ዓለምን በሳጥን በሳጥን መክፈል ነበር። ሥራውን ሳስበው ያደክመኛል።

ችግሩ ቁጥሩ ነው። ማቲው ግሬይ የሚባል የኤምአይቲ ተማሪ በ1993 ድሩን እየዞረ የሚቆጥር ሮቦት ለቆ ነበር። በጁን 1993 ያገኘው 130 ድረ-ገጽ ብቻ ነው። እኔም በደብተሬ እችለዋለሁ። በዲሴምበር 1994 ግን 10,022 ሆነ። በጃንዋሪ 1996 ወደ 100,000 ተጠጋ። ምን ያህል ሠራተኛ ብትቀጥር ነው ይህን ሁሉ አንብበህ የምትመድበው?

ስለዚህ ሸረሪቷ መጣች።

ድር ካለ ሸረሪት አይጠፋም። እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ ከእንግሊዝኛው ጋር ገጥሟል፤ እነሱም ዌብ ያሉት የሸረሪት ድር ብለው ነው። ሸረሪት የሚባለው ፕሮግራም ሥራው ቀላል ነው። አንድ ገጽ ይከፍታል። በገጹ ላይ ያሉትን ሊንኮች ይለቅማል። እነሱን ይከፍታል። የእነሱን ሊንክ ይለቅማል። እንዲህ እያለ ይሄዳል። አይሰለችም፤ ምሳ አይጠይቅም።

ሸረሪትን፣ መዝገብንና የመፈለጊያ ሳጥንን መጀመሪያ አንድ ላይ ያገናኘው ጆናታን ፍሌቸር ነው። ስኮትላንድ፣ ስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ። ጃምፕስቴሽን ይባላል። በዲሴምበር 1993 ሸረሪቷን ለቀቃት። በአሥር ቀን ውስጥ 25,000 ገጽ ዞራ የምትሄድበት አለቀባት። እስቲ አስቡት፤ ኢንተርኔት ያለቀበት ቀን ነበር! የሚደግፈው አላገኘም። በ1994 መጨረሻ ሥራውን ትቶ ሄደ። ስሙን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሰማ አለ? (እጅ ያወጣ አልነበረም።)

ከዚያ በኋላ ጎርፍ ነው። በኤፕሪል 1994 ብራያን ፒንከርተን ዌብክሮለርን አወጣ። ርዕስ ብቻ ሳይሆን የገጹን ሙሉ ቃል መፈለግ የተቻለው በእሱ ነው። በዚያው ዓመት ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ላይኮስ መጣ። ስሙ የአንድ ሸረሪት ዘር ስም ነው፤ ድር አድርታ ቁጭ የማትል፣ እየሮጠች የምታድን ሸረሪት። ስም አወጣጥ ይሏል ይህ ነው። በዲሴምበር 1995 ደግሞ አልታቪስታ። አልታቪስታን የሠራው ዲጂታል የሚባል የኮምፒውተር አምራች ነው። ማሽኔ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ እዩልኝ ለማለት ነው የሠራው። መፈለጊያው ማስታወቂያ ነበር ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ። ማሽኑ ሚሊዮን ገጽ በአንድ ቅጽበት አንብቦ አይመልስልህም። አስቀድሞ አንብቦታል። ያነበበውንም በተገላቢጦሽ ነው የያዘው። ሦስት ገጽ አለ እንበል። አንደኛው ስለ ጥምቀት አከባበር በፋሲል መዋኛ። ሁለተኛው ስለ መዋኛው ጥገና። ሦስተኛው ስለ ጥምቀት መዝሙር። እኛ «ገጽ አንድ ውስጥ ምን ቃል አለ?» ብለን እናነባለን። ማሽኑ ይገለብጠዋል። «ጥምቀት» በሚለው ቃል ትይዩ 1 እና 3 ብሎ ይጽፋል። «መዋኛ» በሚለው ትይዩ 1 እና 2። አንተ «ጥምቀት መዋኛ» ብለህ ስትጽፍ ሁለቱን ዝርዝር ያስተያይና በሁለቱም ውስጥ ያለውን 1ን ያወጣል። አለቀ። ከጥሩ መጽሐፍ ጀርባ ያለው የቃላት መዘርዝርም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ መጠኑና ፍጥነቱ ነው።

ታዲያ «ጥምቀት» ብለህ ሦስት ገጽ ሳይሆን ሦስት መቶ ሺህ ገጽ ቢወጣስ? የትኛው ይቅደም? አልታቪስታና ጓደኞቹ የወደቁት እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ የተጻፈበትን አስቀደሙ። ብልጣብልጦች ወዲያው ነቁ። ገጹ ግርጌ ላይ አንዱን ቃል አምስት መቶ ጊዜ ይደግሙታል። ያውም ነጭ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም። አንባቢው አያየውም፤ ማሽኑ ግን ይቆጥረዋል። መድኃኒት ስትፈልግ ቁማር ቤት ትገባለህ።

እዚህ ላይ ነው ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የሚመጡት። እነሱም ስታንፎርድ። እነሱም የዶክትሬት ተማሪዎች። እነሱም አልጨረሱም። (እዚህ ያላችሁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይህን እንደ ምክር አትውሰዱት።) በ1996 የጀመሩት ሥራ የመጀመሪያ ስሙ ባክረብ ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው።

ጎንደር አዲስ ገብተሃል እንበል። ጥሩ የሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ትፈልጋለህ። ቅዳሜ ገበያ ወርደህ እያንዳንዱን ሰፊ «አንተ ጎበዝ ነህ?» ብለህ ብትጠይቅ ሁሉም አዎ ይልሃል። አልታቪስታ ያደረገው ይህንን ነው። ፔጅና ብሪን ሌላውን ጠየቁ። ሰፊውን ተወውና ሰዎች ወደ ማን ይልኩሃል? ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ የተሰጠ ሊንክ «ወደ እሱ ሂድ» እንደማለት ነው። ብዙ ሰው የጠቆመው ይቀድማል።

ግን እሱ ብቻ አይበቃም። ጠቋሚው ራሱ ማነው? ሠርግ ሲያዘጋጁ የኖሩ፣ ሰው ሁሉ የሚያማክራቸው እትዬ ሲጠቁሙህና ትናንት ከአውቶብስ የወረደ ልጅ ሲጠቁምህ እኩል አይደለም። ስለዚህ የተጠቆመ ሰው ጥቆማ ይከብዳል። ሌላም አለ። እትዬ ክብደታቸው ስድስት ነው እንበል። ሦስት ሰፊ ከጠቆሙ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ይደርሰዋል። አንድ ብቻ ከጠቆሙ ስድስቱም የእሱ ነው። ሁሉንም «ጎበዝ ነው» የሚል ሰው ቃሉ ይሳሳል። ያልኳችሁ ነገር ፔጅራንክ ይባላል። ሒሳቡ እየተዞረ ደግሞ ደጋግሞ ይሰላል፤ መንፈሱ ግን ይኸው ነው።

ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። ሳይንቲስቶች የማን ጽሑፍ በማን እንደተጠቀሰ መቁጠር ከጀመሩ ቆይተዋል። ዩጂን ጋርፊልድ የጥቅስ ማውጫውን ማሳተም የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። በዚያው በ1996 ሮቢን ሊ የሚባል ቻይናዊም በሊንክ የሚመዝን ሥርዓት ሠርቷል፤ በኋላ ባይዱ የሚባለውን የቻይና መፈለጊያ የመሠረተው ሰው ነው። ጊዜው የደረሰ ሐሳብ ነበር።

በኦገስት 1998 አንዲ ቤክቶልሻይም የሚባል ባለሀብት 100,000 ዶላር ቼክ ጻፈላቸው። ቼኩ «ጉግል» ለሚባል ድርጅት ነው የተጻፈው። ድርጅቱ ገና አልተመዘገበም። ቼኩን ለመመንዘር ሲሉ ድርጅቱን አቋቋሙ። ስሙ የመጣው ጎጎል ከሚባል ቁጥር ነው፤ አንድ ብለህ መቶ ዜሮ ስትደረድርበት። ቁጥሩን የሰየመው የአንድ የሒሳብ ሊቅ የወንድም ወይ የእህት ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነው። አጻጻፉ ተዛንፎ ጉግል ሆነ። የፊደል ግድፈት ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገኝ እሱንም ያዙልኝ።

ገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው። በ1998 ጎቱ የሚባል መፈለጊያ አስተዋዋቂዎች ተጫርተው ፊት ፊት እንዲወጡ አደረገ። በዚያው ዓመት ፔጅና ብሪን በጥናት ጽሑፋቸው ላይ በማስታወቂያ የሚተዳደር መፈለጊያ ወደ አስተዋዋቂው ማዘንበሉ አይቀርም ብለው ጻፉ። በ2000 እነሱም ማስታወቂያ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ብልጣብልጦቹም አልተኙም። ቃል መደጋገሙ ሲከሽፍ ሊንክ ማምረት ጀመሩ። ሺህ የውሸት ድረ-ገጽ ይከፍቱና ሁሉም ወደ አንዱ ይጠቁማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄኔ ነው። ጉግል ቀመሩን ይቀይራል፤ እነሱ ይከተላሉ። ጦርነቱ እስከ ዛሬ አላበቃም።

ማውጫዎቹስ? ቀስ ብለው ሞቱ። በ1998 በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ዲሞዝ የሚባል ትልቅ ማውጫ ተጀምሮ ነበር። ጉግል ራሱ ለዓመታት ከእሱ ተውሶ ያሳይ ነበር። የያሁ ማውጫ በ2014 መጨረሻ ተዘጋ። ዲሞዝ በማርች 2017 ተዘጋ። ብዙ ሰው «ማሽን ሰውን አሸነፈ» ብሎ ይተርከዋል።

እኔ አልስማማም። ፋይንለርን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሊንኩን ማን አስቀመጠው? ሰው። «ይህን አንብቡ» ብሎ የጠቆመ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ ተማሪ። ፔጅራንክ የሠራው የእነሱን ፍርድ መቁጠር ነው። ዛሬም ጉግል የውጤቱን ጥራት የሚመዝኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያሠራል። ቀድሞ መዳቢው ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር፤ ስሙንም ታውቀዋለህ፤ ትጣላዋለህም። አሁን ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ የመጡት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መልስ ሰጪዎች ደግሞ መጋረጃውን አወፈሩት። ገጹን ሳታይ መልሱ ብቻ ይመጣልሃል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? በአማርኛ ስትፈልጉ የሚበሳጭ አለ? (ሁሉም እጁን አወጣ።)

እንየው። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት የራሱ ሕግ ነበረው። በአንዱ ፎንት የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ድብልቅልቅ ነው። ሸረሪቷ የምታየውም ያንን ድብልቅልቅ ነው። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ ውስጥ ገባ። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር ተሰጠው። ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን ማሽኑ ድምፅ አይሰማም፤ ቁጥር ነው የሚያየው። የዚህችን ከተማ ስም ውሰዱ። በ«ጎ» ጎንደር፣ በ«ጐ» ጐንደር። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለማሽኑ ጎ 4878 ነው፣ ጐ 4880። ካላስተማሩት በቀር ሁለት ከተማ ናቸው።

አሁን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ፈልጉ። ብርሃን ውስጥ ያለችው «ሃ» በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ልትጻፍ ትችላለች። ስድስት። ሥላሴ ደግሞ በሥ ወይ በስ ይጀምራል፤ በሴ ወይ በሤ ያልቃል። አራት። ስድስት በአራት 24። ጎንደርን ከፊት ስትጨምሩ 48። ያውም «በ»፣ «ከ»፣ «የ»፣ «ለ» ሳይለጠፍበት። እንግሊዝኛ መስተዋድዱን ለይቶ ይጽፋል። እኛ «ከጎንደር» ብለን እናጣብቃለን። ማሽኑ «ከጎንደር» ሲያይ ጎንደር ውስጡ እንዳለ የሚያውቀው ሰው ቁጭ ብሎ የአማርኛን ሰዋስው ከሠራለት ነው። ወይም እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ ከገመተ ነው። ብዙ ጽሑፍ ደግሞ የለንም። ያለውም ግማሹ ፎቶ ነው። ማስታወቂያውን፣ መመሪያውን፣ የድሮ ጋዜጣውን ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን። ሊንክማ ጭራሽ አንሰጥም። የሰው ጽሑፍ ገልብጠን እንለጥፋለን እንጂ «እዚያ ሄዳችሁ አንብቡ» ማለት አልለመድንም። ጠቋሚ ከሌለ እትዬም የሉም፤ ሚዛኑ ባዶ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንድ መሪጌታ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ተነሡና፦ «ልጄ፣ ሃያ አራት አልክ። ትክክሉ አንድ ነው። ብርሃን በሃሌታው ሃ፣ ሥላሴ በንጉሡ ሥ። ሃያ ሦስቱ ስሕተት ነው። ማሽኑ ምን አጠፋ?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እውነት ነው አልኳቸው። ግን አባቴ፣ ማሽኑ ትክክሉን አይጠይቅም፤ የበዛውን ነው የሚቆጥረው። ብዙው ሰው በእሳቱ ሰ ከጻፈ ማሽኑም በእሳቱ ሰ ይሄዳል። ጉግል ራሱ በፊደል ግድፈት የተሰየመ ድርጅት ነው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያማ ለእኔ አይሆነኝም» ብለው ተቀመጡ። ከንግግሩ በኋላ ግን ስልካቸውን አውጥተው ትክክለኛው ሥ ከየት እንደሚወጣ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው።

ሁለተኛዋ ከማራኪ ካምፓስ የመጣች ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ ደብተሩ የት ደረሰ?» አለች።

ይህን ንግግር ስዘጋጅ ፈልጌው ነበር። ላሳያችሁ ብዬ። ኢንተርኔት ቤቱ ከተዘጋ ብዙ ዓመቱ ነው። ደብተሩ እናቴ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ስር ተገኘ። ሽፋኑ ተቀዷል። «ኢሜይል» እና «ዜና» ያልኩበት ገጽ እንዳለ ነው፤ አንዱም አድራሻ አይሠራም። «ልዩ ልዩ» ግን ቀጥሏል። እናቴ ባዶ መስመር ባገኘችበት ሁሉ ጽፋበታለች። የቧንቧ ሠራተኛው ስልክ። የእድር ጸሐፊው። የበርበሬ ነጋዴዋ፣ ከጎኗ «ሐቀኛ ናት» የሚል ማስታወሻ። አንዱ ቁጥር ላይ ሰረዝ ተደርጎ «አይታመንም» ተብሏል።

ለአንድ ቀን ልውሰደው አልኳት። «እና የምጣድ ሠሪዋን በምን አገኛታለሁ?» አለችኝ። ለዚህ ነው ሳልይዘው የመጣሁት።